የወንድ ጫማ በእትዬ ፀሐይወርቅ በር

ሚካል ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሰው ያስለቀሰችበትን ጽሑፏን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ አነበበችው። ጨርሳ ወደ ኮመንቱ ወረደች። «እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።» «ሲስተር እጅሽ ይባረክ።» «እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን።» እያንዳንዱን እንደ ከረሜላ እያጣጣመች በአውራ ጣቷ ትገፋለች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ አሻግሮ ስልኳን ሲያይ እንኳ አልደበቀችውም፤ ይባስ ብላ ወደ እሱ ዘንበል አደረገችለት።

ነርስ ናት። ከክሊኒክ ወጥታ የቤት ለቤት ሕክምና የሚሰጥ ድርጅት ከተቀጠረች ወዲህ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከሳሪስ እስከ ፉሪ ሰው ቤት ስትገባና ስትወጣ ትውላለች። ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ ግፊት ትለካለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ «ከአልጋው አጠገብ» ብላ በከፈተችው የፌስቡክ ገጽ ላይ ያየችውን ትጽፋለች። መጻፍ ትችላለች፤ ይህን ማንም አይነፍጋትም። ችሎታዋን ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው ግን እሷው ራሷ ነበረች፣ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

ከትናንት ወዲያ የጻፈችው ብቻዋን ስለምትኖር አንዲት ሴት ነው። ሴትየዋ እግሯ ታሞ ደረጃ መውረድ አትችልም። ብቻዋን መሆኗ እንዳይታወቅ በሯ ላይ የወንድ ሴፍቲ ጫማ ታስቀምጣለች። ወንድሜ ነው፣ ሌሊት ፋብሪካ ያድራል፣ ቀን ይተኛል ትላለች። የሚተኛ ወንድም ግን የለም። ሴትየዋ ጫማውን አንድ ቀን ትወለውለዋለች፣ ሌላ ቀን አቧራ ትነሰንስበታለች፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ ትቀባዋለች። ሚካል ይህን ጽፋ፣ መጨረሻው ላይ «ዘመዶቿ የት ናችሁ? ሰው እንዴት ከጫማ ጋር ይኖራል?» ብላ ዘጋችው። አገር አለቀሰ።

ጥንቃቄ አላደረገችም አይባልም። ፀሐይወርቅ የሚለውን ስም እታገኝ አለችው። የስኳር ቁስሉን ቁርጥማት አደረገችው። ሀና ማርያምን ወስዳ ኮልፌ ጣለችው። በሥልጠና ላይ ስም፣ ፎቶና የካርድ ቁጥር እንዳይወጣ ተብላለች፤ አንዱንም አላወጣችም። ስለ ጫማ የነገራት ሰው የለም። ለነገሩ ጫማውን ብታወጣው ከጽሑፉ ምን ይቀር ነበር? ይህን እሷም ታውቃለች፣ ስለዚህ ብዙ አላሰበችበትም።

እትዬ ፀሐይወርቅ የምትኖርበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ ጥበቃ ጋሽ ግዛው ሌላ ጊዜ ቦርሳሽን ካልያዝኩልሽ ብሎ የሚታገል ሰው ነው። ዛሬ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልትጽፊ ነው?» አላት።

«ምን አሉ ጋሽ ግዛው?»

«ምን እላለሁ! ኮሚቴው ትናንት ጠርቶኝ፣ ለሌለ ሰው በር ስትከፍት ነው የኖርከው እያለ ሲሳለቅብኝ ዋለ። እኔ የሴትየዋን ወንድም ማታ አስወጣዋለሁ፣ ጠዋት አስገባዋለሁ ስል ኖሬ፣ አሁን ምን ይዤ ነው ሰው ፊት የምቆመው?»

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ግዛው ማታ ብርድ ልብሱን ከተከናነበ በኋላ የከፈተውን በርና ያልከፈተውን አይለይም። ወንድምየውን አየሁት ሲል የኖረውም ጥበቃ ሆኖ አላየሁም ማለት ስለማይሆንለት ነው። ሚካል ግን ይህን ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም። ኮሚቴው እንዴት አወቀ እያለች ደረጃውን ወጣች። ኮልፌ ብላ አልነበር እንዴ?

መልሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሯን ከፍታ ጠበቀቻት። እትዬ ትሩፋት የኮሚቴው ሰብሳቢ ናት፤ በዚያ ደረጃ ላይ እሷ ሳታውቅ የሚያልፍ የሽንኩርት ሽታ እንኳ የለም ትባላለች። ስልኳን ይዛ ነው የወጣችው።

«አንቺ ልጅ! አስለቀሽኝ እኮ! ኮልፌ ብለሽ ልታታልይን?» አለች እየሳቀች። «የወንድ ጫማ አውጥታ የምታስቀምጥ ሴት ከላዬ እያለች ኮልፌ ድረስ ምን ወሰደኝ? ወዲያው ነው ለብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ የለቀቅኩት። ምስኪን ፀሐይወርቅ! እኔ እኮ በየቀኑ፣ ወንድምሽ እንዴት አደረ እላታለሁ። ዛሬ ጠዋት ጫማው እንዴት አደረ አልኳት፤ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።»

እትዬ ትሩፋት ገጹን እንድትከተል ስልኳን ተቀብላ የከፈተችላት ሚካል ራሷ ነበረች፤ እዚሁ ደረጃ ላይ። ያን ቀን አንድ ተከታይ አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት ነበር።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ በሩ ላይ ጫማ የለም።

እትዬ ፀሐይወርቅ በከዘራ ተደግፋ ከፈተችላት። ጡረታ የወጣች የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃ ስታስረክብና ስትረከብ ኖራ፣ አንዲት ወንበር ብትጎድል ማን እንደወሰዳት ሳታውቅ ቤቷ አትገባም ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራት ይህ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው።

«ግቢ። እጅሽን ታጠቢ» አለች፤ ሰላምታም አልሰጠቻት።

ሚካል ታጥባ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ እንደ ወትሮው መሬት ላይ ተንበርክካ እግሯን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። የድሮውን ፋሻ ፈታች። ቁስሉ ተሻሽሏል፤ ጠርዙ መቅላቱን ትቶ አዲስ ሥጋ ማብቀል ጀምሯል። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር።

«ጫማው...» አለች ሚካል ቀና ሳትል።

«አስገባሁት። ከእንግዲህ ለማን ብሎ ይውጣ?»

«እትዬ፣ እኔ ስምዎን አላነሳሁም እኮ።»

«አንብቢልኝ።»

«ምን?»

«የጻፍሽውን። ትሩፋት አንብባዋለች፣ ግዛው አስነብቦታል፣ ሱቅ ያለው ኑሪ ሳይቀር አንብቦ አዝኖልኛል። የታማሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ብሰማው ነውር ነው?»

ሚካል አንዱን ጓንት አውልቃ ስልኳን አወጣች። የሰው እግር ጭኗ ላይ አጋድማ የዚያኑ ሰው ታሪክ ማንበብ ጀመረች። ታክሲ ውስጥ እንደ ማር ሲጥማት የነበረው ቃል እዚህ ቤት ውስጥ አፏ ላይ ተወላገደባት። «‹ማታ ማታ ከጫማው ጋር ታወራለች...›»

«መቼ ነው ከጫማ ጋር ያወራሁት?»

«እሱ... ለማሳመር ነው።»

«ለማሳመር። ቀጥይ።»

«‹ታሪኳን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት...›»

«አለቀስኩ?» እትዬ ፀሐይወርቅ ከዘራዋን ወለሉ ላይ መታችው። «ስቄ ነው የነገርኩሽ! ጭቃውን ከየት እንደማመጣ፣ ከአበባ ማሰሮዬ አፈር ቆንጥሬ በውሃ እንደምለውሰው ስነግርሽ፣ አንቺም ሆድሽን ይዘሽ ስቀሻል። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጥንድ ጫማ እንዴት እንደማሞኘው ነበር የነገርኩሽ። እኔ ጎበዝ ነበርኩ፤ አንቺ ለማኝ አደረግሽኝ።»

እውነት ነው፣ ያን ቀን ተሳስቀው ነበር። ሚካል ቤቷ ገብታ ስትጽፍ ግን ሳቁ አላምርላት አለ፤ ሳቅ ሼር አይደረግም።

«ሰውን ለማስተማር ብዬ ነው» አለች። «ብቻቸውን የሚኖሩ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ስንቱ ሰው ጎረቤቱን ዞር ብሎ እንዲያይ ነው ያደረገው። ስምዎን ቀይሬ፣ ሰፈሩን ቀይሬ፣ በሽታውን ቀይሬ...»

«ራስሽንስ ቀይረሻል? ፎቶሽ ከላይ ተለጥፎ የለም? ነጭ ጋውን ለብሰሽ በዚህ ደረጃ ስትመላለሺ ሕፃን አዋቂው ያይሻል። በዚህ ብሎክ ከኔ ሌላ የማንን በር ነው የምታንኳኪው? እኔን ደብቀሽ ራስሽን በር ላይ ካቆምሽው ምኑን ደበቅሽኝ?»

ይህን ሚካል አስባው አታውቅም። ሥልጠና ሰጪዎቹም አላሰቡትም። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ስለ አንድ በሽተኛ ቢጽፍ ከመቶ በሽተኛ መሀል የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል። እሷ ግን ቦርሳ አንግታ የገባችበት በር ሁሉ ይታያል።

«ሐኪም ነሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ» አለች እትዬ ፀሐይወርቅ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይህ ከበዳት። «እግሬን የምታይ ልጅ ቤቴን ብታይ ምን አለ ብዬ። አሁን መኩሪያ ደወለልኝ።»

መኩሪያ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፉሪ ይኖራል። ወንድሙ እንደሞተ ቤቱ የኛ የቤተሰብ ነው ብሎ ተነሳ። ፍርድ ቤት ለሚስትየዋ ሲያጸናላት ይግባኝ አላለም፤ በር እየደበደበ ልግባ፣ ልኑር፣ የወንድሜ ነው ማለት ጀመረ። አንድ ጊዜ በሩን ሊገነጥል ደርሶ ነበር። በማግሥቱ እትዬ ፀሐይወርቅ ጫማውን ገዝታ አወጣች። በእናት የምትገናኘው ለታ የሚባል ወንድም በእርግጥ ነበራት፤ ከአገር ከወጣ በኋላ ግን ድምፁ ጠፍቷል፣ መኩሪያም በመልክ አያውቀውም። ለታ መጥቷል፣ ተኝቷል፣ ቀስቅሼው ልምጣ ስትለው ሰውየው ጫማውን አይቶ፣ ትልቅነቱን አይቶ፣ ደረጃውን ወረደ። እስከ ዛሬ ዝር አላለም።

«ጠዋት ደውሎ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ብቻዎን መሆንዎን ብሰማ ኖሮ ቀድሜ እመጣ ነበር፣ እግርዎንም አሞዎታል አሉኝ አለ። መሮጥ እንደማልችል እንኳ ነግረሽዋል። አንዴ እግሩን ካስገባ የሚያስወጣው የለም፤ ክሱ ሳያልቅ እኔ አልቃለሁ።»

ሚካል ቁስሉን አጥባ አዲስ ፋሻ መጠቅለል ጀምራ ነበር፤ ከመሀል አቁማ፣ ስልኳን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ለድርጅቱ ባለቤት ለኤልዳድ ደወለች። ተረኛ የሚያድር ወንድ ነርስ ቢልክ፣ ወይም ሴትየዋን ለጥቂት ቀን የሚያስተኛ ቦታ ቢፈልግ ብላ ነበር።

«ሚኪዬ!» አለ ኤልዳድ። «እሳት ነው እኮ የጻፍሽው! ስልካችን እረፍት አጣ፣ ደንበኛ በደንበኛ ሆነናል። እንዳታጠፊው ብቻ!»

ነገሩን ነገረችው።

«ሚካል» አለ፤ ሚኪዬ ቀርታለች። «ያ ገጽ የግልሽ ነው እኮ። ድርጅቱን አይመለከትም።»

«ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የድርጅቱ ስልክ አለ። አስገቢው ያልከኝ አንተ ነህ!»

«አሁን አውጪው። የታካሚ ምስጢር አወጣች ተብሎ ክስ ቢመጣ እኔ የለሁበትም፤ የሥራ ውልሽ ላይ ተጽፏል፣ ፈርመሻል» ብሎ ዘጋው።

ጽሑፉን አጠፋችው። ያ ሁሉ ምርቃት ባንድ ንክኪ ድምጥማጡ ጠፋ። ያም ሆኖ አሳዘናት፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ማዘኗ ራሷን አስገረማት። ወጥታ አጥፍቼዋለሁ ስትል እትዬ ፀሐይወርቅ በስላቅ አየቻት።

«ትሩፋት ስልክ ውስጥም አጠፋሽው?»

ያን ጊዜ ነው በሩ የተንኳኳው።

ሚካል ከፈተች። መኩሪያ ሽማግሌ ሊሆን ምንም ያልቀረው፣ ኮቱን በወጉ የቆለፈ፣ ፊቱ በሐዘኔታ የለሰለሰ ሰው ነው። በአንድ እጁ ሙዝና የታሸገ ጁስ ይዟል፤ ለስኳር በሽተኛ። ከኋላው አንድ ተሸካሚ የስፖንጅ ፍራሽ ተሸክሞ ላቡን ይጠርጋል። ከተሸካሚው በታች እትዬ ትሩፋት፣ ከእሷ በታች የሦስተኛና የሁለተኛ ፎቅ ሰዎች፣ ከሁሉ በታች ጋሽ ግዛው። ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ሁሉ ቤቱ ነበር።

«ነርሷ አንቺ ነሽ?» አለ መኩሪያ። ጎንበስ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ዘመዶቿ የት ናችሁ ብለሽ ጠራሽን፣ መጣን።»

«እሰይ!» አለች እትዬ ትሩፋት። «ዘመድ ማለት እንዲህ ነው!»

«እትዬ» አለ ሰውየው በሚካል ትከሻ ላይ ወደ ውስጥ እያየ። «እግርዎ እስኪሻልዎ እኔ አለሁ። ሳሎን አነጥፌ እተኛለሁ፣ አላስቸግርዎትም።»

«አልፈልግህም መኩሪያ» አለች እትዬ ፀሐይወርቅ ከወንበሯ። «ውጣልኝ።»

ደረጃው አጉረመረመ። «ምን ነካት?» አለ አንዱ። «ትዕቢት ነው እንጂ» አለች ሌላዋ። ለሁለት ቀን ያለቀሱላት ሰዎች ናቸው፤ ያለቀሱላት ሴት የታዘዘላትን እርዳታ አልቀበልም ስትል ተቀየሟት። «ፀሐይወርቅ፣ ሰው ፍለጋ ከጫማ ጋር ስታወሪ ከምታድሪ...» ብላ ትሩፋት ጀመረች።

«አይፈልጉትም! ሊቀማቸው ነው የመጣው!» አለች ሚካል በሩን በትከሻዋ ደግፋ።

«አንቺ ልጅ፣ የቤተሰብ ነገር ውስጥ አትግቢ» አላት መኩሪያ። ፊቱ እንደለሰለሰ ነው፤ እጁ ግን በሩን እየገፋ ነበር፣ ጉልበትም አለው። የጫማው አፍንጫ ደፉን አለፈ።

ሚካል ዞር ብላ እትዬ ፀሐይወርቅን አየቻት። ሴትየዋ ግማሽ የታሰረ እግሯን ወለሉ ላይ አሳርፋ፣ ከዘራዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ፖሊስ ጥሪልኝ አላለችም። ለፖሊስ ምን ይባላል? ሙዝ ይዞ የመጣ ዘመድ ነው።

«ጠርተሽዋል» አለቻት። «መልሺው።»

ሚካል ወደ ደረጃው ዞረች።

«ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች። «የጻፍኩት በሙሉ ውሸት ነው!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ላይክ ፈልጌ ነው የፈጠርኩት። በእትዬ በር ላይ ጫማ አየሁ፣ ከሱ ተነስቼ የሌለ ሴት ፈጠርኩ። እታገኝ የምትባል የለችም፣ ከጫማ ጋር የምታወራ ሴት የለችም። የእትዬ ወንድም አለ። ለታ አለ።»

«የታለ?» አለ መኩሪያ።

«ዛሬ ቀን ተረኛ ነው፤ ሥራ ገብቷል። ጫማውን አድርጎ ነዋ የሄደው! ሌላ ቀን በር ላይ አልነበረም? አሁን አለ?»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በሩ ላይ ጫማ የለም። ጠዋት በንዴት የገባው ጫማ አሁን የሰው እግር አበቀለ።

ሚካል የቀረውን አልጠበቀችውም፤ የሆነው ግን ሆነ። እትዬ ትሩፋት ፊቷ በርበሬ መሰለ። በቅድሚያ ያበሳጫት ያለቀሰችው እንባ ነው፤ ቀጥሎ ያበሳጫት ደግሞ በገዛ ደረጃዋ ላይ ማን እንደሚኖር ሌላ ሰው እንዲነግራት መፍቀዷ ነው።

«ቀጣፊ!» አለች። «እኔስ ብዬ ነበር! ሰውየውን በዓይኔ በብረቱ አይቼው፣ ዓይኔን ትቼ የዚችን ወሬ አመንኩ! ረጅም፣ ጠይም ሰው አይደለም እንዴ?»

«ጠይም ነው» አለ ጋሽ ግዛው ከሥር። ወገቡ ቀና ብሏል። ለሁለት ቀን የተሳለቁበትን ሁሉ አንድ በአንድ እያየ ወደ ላይ ወጣ። «በር የምከፍትለት እኔ፣ ኮሚቴው የሚስቅብኝ እኔ! ትናንት ማታ ሲወጣ ሲጋራ ለኩሶልኛል። ጌታው፣ እርስዎ ማነዎት? እዚህ ብሎክ ላይ ሳይመዘገብ ፍራሽ ይዞ የሚገባ ሰው የለም። ለታ ሲመጣ ልደውልልዎት፣ ስልክዎን ይስጡኝ።»

«እኔም ሊፍት እንደሌለው እየረገመ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ» አለች አንዷ።

መኩሪያ ፊታቸውን በየተራ አየ። ውሸታሞች መሆናቸውን ያውቃል ወይስ አያውቅም፣ ሚካል ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም። አንድን ውሸታም መግፋት ይቻላል፤ ክብራቸው የተነካ ውሸታሞች ሞልተው የቆሙበት ደረጃ ግን አይገፋም። እግሩን ከደፉ ላይ አነሳ። ሙዙንና ጁሱን መሬት ላይ አኖረና ተሸካሚውን በአገጩ ጠቀሰው።

«ለታ ሲመጣ ሰላም በይልኝ» አላት ሚካልን፤ ፈገግታ አልነበረበትም። ፍራሹ ደረጃውን እየታከከ ወረደ።

ሚካል ግን ገና አልተረፈችም። እትዬ ትሩፋት ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችባት።

«ድገሚው። ልቅረጽሽ።»

«እትዬ ትሩፋት...»

«ያለቀሰው ሰው ሁሉ ይወቅሽ! ስምሽን ተናገሪ፣ የምትሠሪበትን ተናገሪ፣ ከዚያ ውሸቴን ነው በይ።»

ሚካል ስሟን ተናገረች። ነርስ መሆኗን ተናገረች። ስለ ታካሚ የጻፈችውን ለመወደድ ስትል እንደፈጠረችው ተናገረች። ድምፅዋ ሲሰበር ትሩፋት ጮክ በይ አለቻት፤ ጮክ ብላ ደገመችው። ወዲያው ወደ ግሩፑ ገባ፣ ከግሩፑ ደግሞ ወደ ውጭ። ሰዉ ሲበተን አንዷ «ፈቃድሽን ነው የሚቀሙሽ» አለቻት፤ ሌላዋ ወለሉ ላይ ተፋች። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይንጫጫል። ምርቃቱ የመጣበትን መንገድ ተከትሎ ስድቡ መጣ፤ ብዙዎቹ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ከመሀሉ የኤልዳድ አጭር መልእክት አለ፦ ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጪ።

ተንበረከከችና አዲስ ጓንት አጠለቀች። ፋሻውን ከመሀል ያቆመችበት ቦታ ጀምራ ጠቅልላ ጨረሰችው፤ አላጠበቀችውም፣ አላላላችውም። እትዬ ፀሐይወርቅ ሥራዋን ከላይ ሆና ስትመለከት ቆየች።

«ተመልሶ ይመጣል» አለች። «ለዛሬ ግን እተኛለሁ።»

«በየቀኑ እየመጣሁ አይዎታለሁ። ደመወዝም ባይኖር፣ ድርጅቱም ባይልከኝ...»

«አይሆንም። ሌላ ሰው ይላኩልኝ። የምታጥብ እንጂ የምታይ አልፈልግም።»

ሚካል ቦርሳዋን ዘጋች። እንባዋ መጣ፤ እዚህ ቤት ውስጥ ማልቀስ እንደማይገባት ስለገባት መለሰችው። ስሟን፣ ሥራዋን፣ ገጿን በአንድ ጠዋት ለዚች ሴት ሰጥታለች፤ ምስጋና አልጠበቀችም። አንዲት ቃል ግን ፈለገች። በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ፀሐይወርቅ እጇን የበሩ እጀታ ላይ አደረገች።

«ይቅር ካልኩሽ እሱንም ትጽፊዋለሽ» አለችና ዘጋችው።

ሚካል በፍጹም ልትላት አፏን ከፍታ ነበር። ደረጃውን መውረድ ስትጀምር ግን የሚቀጥለው ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር ሳትጠራው መጥቶ ነበር፤ ጥሩ መስመርም ነበር።